ከዋግምት ቀንድ እስከ መምጠጫ ቱቦ፦ የወንድ ስንፈት፣ የእጅ ሙያና ምስጢር በምዕራብ ጎጃም

ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም የማይነሣ ነው። ስንፈተ ወሲብ ይባላል። የብልት መቆም ችግር ያለበት ወንድ፣ ለዚያ ችግር በቤቱ ካለ ዕቃ የሚሠራው መምጠጫ፣ የዚያ መምጠጫ የሩቅ ዘመድ የሆነው የዋግምት ቀንድ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ክር ልሰፋቸው እሞክራለሁ። አርእስቱ ሲለጠፍ ፈገግ ያሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ፈገግታውንም አልነቅፍም። ሰው በሚያፍርበት ነገር ይስቃል፤ እኔ የምጠይቀው ፈገግታው ካለፈ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር እንድትቆዩ ብቻ ነው።

የታሪክ ሰው ስለዚህ ምን አገባው? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለ ጎጃም ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቅኔ ቤቶቹ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ስለሸሸበት ዘመቻ። ስለ ጎጃሜ ገበሬ ሰውነት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሲታመም ወዴት እንደሄደ፣ ማንን እንዳማከረ፣ ምን እንደደበቀ የሚነግረን ዜና መዋዕል የለንም። የተደበቀው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ትዳር የፈረሰበት፣ ወንድም ከወንድሙ የተቀያየመበት፣ ሰው ከአገሩ የተሰደደበት ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል አነሣለሁ። አንደኛ፣ አየርን መጥጦ ደምን ወደሚፈለግበት ቦታ የመሳብ ዕውቀት በአገራችን ቤት ውስጥ እንዴት ኖረ? ሁለተኛ፣ የወንድ ስንፈት በምን ተተረጎመ፤ ወዴትስ ተወሰደ? ሦስተኛ፣ ዛሬ በሐኪም ዘንድ የታወቀው መምጠጫ መሣሪያ ከየት መጣ፤ ሰው በቤቱ ከሚሠራውስ በምን ይለያል?

አንደኛ፦ ቀንዱና ሰሙ

ዋግምትን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። በዕድሜ የገፋችሁ ታግማችሁ ይሆናል፤ ወጣቶቹ በአያቶቻችሁ ጀርባ ወይም በጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ጠባሳውን አይታችኋል። መሣሪያው የበሬ ወይም የላም ቀንድ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ቀጭን ቀዳዳ ይበጅለታል፤ አፉ ተስተካክሎ ቆዳ እንዳይቧጥጥ ይለሰልሳል። አድራጊው ሰፊውን አፍ በበሽተኛው ቆዳ ላይ ደፍቶ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን በአፉ ይመጥጣል፤ ከዚያም ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል። ቀንዱ ሳይያዝ በራሱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳም ያብጣል፣ ይቀላል። ቦታው በምላጭ ተበጥቶ ቀንዱ ሲደገም ደሙ ወደ ቀንዱ ውስጥ ይወርዳል። ራስ ምታት፣ የጀርባና የትከሻ ሕመም፣ “መጥፎ ደም” የተባለው ሁሉ በዚህ ይታከም ነበር። ቀንድ ባልነበረበት ቦታ ብርጭቆ ተተክቷል፤ በውስጡ ወረቀት ተለኩሶ በትኩሱ ይደፋል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ቆዳውን ይስባል።

ይህ ሕክምና የእኛ ብቻ አይደለም። በግብፅ እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ፣ በኋላም በግሪኮቹ የሂፖክራተስ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በእስልምናው ዓለም “ሒጃማ” ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለእኛ የሚገርመው ዕድሜው ሳይሆን ቀላልነቱ ነው። ቀንዱ ከታረደው በሬ፣ ሰሙ ከጎጃም ቀፎ፣ ጉልበቱ ከሰው ጉንጭ። ከቤት ውጭ የሚገዛ ምንም የለም። በቆጋ ሜዳም ይሁን በቡሬ ቆላ ያለ ገበሬ ከራሱ ግቢ ሳይወጣ ሊሠራው የሚችል የባዶ አየር መሣሪያ ነበረው።

አሠራሩን ለማስረዳት ግን አውሮፓ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት መጠበቅ ነበረባት። የፍሎረንስ የፓምፕ ሠራተኞች ውኃ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ተመጥጦ አልወጣ ሲላቸው ተቸገሩ። የጋሊሌዮ ተከታይ የነበረው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በሜርኩሪ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ገልብጦ ምክንያቱን አሳየ። አየር ክብደት አለው፤ መምጠጥ ማለትም መሳብ ሳይሆን የውጭው አየር እንዲገፋ ቦታ መልቀቅ ነው። በባሕር ጠለል የዚህ ግፊት መጠን 760 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ ዓምድ ነው። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በእኛ አገር ግፊቱ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። የአያቶቻችን ቀንድ እንግዲህ የሚሠራው ከባሕር ዳርቻው ቀንድ በአንድ አምስተኛ ባነሰ አየር ነበር፤ ቢሆንም በቂ ነበር።

ይህን የምለው ለትምክሕት አይደለም። ዋግምት ጉዳት ነበረው፤ አሁንም አለው። ያልጸዳ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው የጉበት በሽታንና ኤች.አይ.ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አድራጊው በአፉ ስለሚመጥጥ ራሱም ለአደጋ ይጋለጣል። ዓላማዬ አንድ ነገር ማስመዝገብ ብቻ ነው። የመምጠጥ ዕውቀቱ፣ ዕቃውና የሠለጠነው እጅ በአገራችን ነበሩ።

ሁለተኛ፦ “ታስሯል”

ዕውቀቱ ከነበረ፣ ወንድነቱ የሰነፈ ሰው ወደ ቀንዱ ለምን አልሄደም? ዋግምት የሚያክመው ራስን፣ ጀርባንና ትከሻን ነው፤ ስንፈት ግን የሚሄደው በሌላ መንገድ ነበር። ምክንያቱ ያለው በአንዲት ቃል ውስጥ ይመስለኛል። በገጠራችን እንዲህ ያለው ሰው “ታመመ” አይባልም፤ “ታሰረ” ነው የሚባለው። ሕመም በሰውነት ውስጥ ይነሣል። እስራት ግን አሳሪ አለው። አሳሪው የቀድሞ ሚስት ልትሆን ትችላለች፣ የተቀየመ ጎረቤት ወይም መተት አድራጊ። የታሰረን የሚፈታውም እንዲሁ በቃልና በመንፈስ የሚሠራ ሰው ነው እንጂ በቀንድና በሰም የሚሠራ አይደለም።

ስለዚህ ሰውየው ከሦስቱ ደጃፎች በአንዱ ይቆም ነበር። የመጀመሪያው የደብተራው ደጅ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር እንደመሆኗ የደብተራ አገርም ናት፤ በእጅ የተገለበጡ የመድኃኒት መጻሕፍት ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዘዋወሩ ኖረዋል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተማቸው የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት ጽሑፎች እንደሚያሳዩት፣ የወንድ ስንፈት በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው። ሥሩና ቅጠሉ ከክታቡና ከጸሎቱ ጋር ጎን ለጎን ይታዘዛል።

ሁለተኛው የጠበሉ ደጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር ወር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1770 የደረሰባት የሰከላዋ ግሽ ዓባይ ለእርሱ የመልክዓ ምድር ጥያቄ መልስ ነበረች፤ ለአገሩ ሰው ግን የፈውስ ቦታ ናት። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው የሕመሙን ስም ለማንም መናገር አይገደድም። ከዓይነ ስውሩም ከሽባውም ጋር ተሰልፎ ይጠመቃል፤ ምስጢሩም ከእርሱና ከፈጣሪው አይወጣም። የዚህን ደጅ መጽናኛነት ማቃለል አይገባም። ለብዙ ሰው፣ ስሙ ሳይጠፋ ተስፋ የሚያደርግበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነበር።

ሦስተኛው የሽማግሌና የዳኛ ደጅ ነው፤ ወደዚህ የምትሄደው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ ባል የባልነትን ተግባር ለመፈጸም አለመቻሉን ጋብቻ ሊፈርስ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል። ይህ አስተሳሰብ ከዘመናዊው ሕጋችንም ፈጽሞ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከተጋቢዎቹ አንዱ ለሩካቤ የሚያስፈልግ አካል እንደሌለው ሌላው ሳያውቅ የተፈጸመ ጋብቻን በስሕተት እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል። በገጠሩ ሽምግልና ፊት ግን ነገሩ በዚህ ቋንቋ አይቀርብም። “አልተስማማንም” ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይገባቸዋል፤ ከብቱ ይከፈላል፤ ሰውየውም ዝም ይላል። የብዙ ትዳር መፍረስ እውነተኛ ምክንያት በዚህች አንዲት ቃል ሥር ተቀብሯል።

እዚህ ላይ ስለ እጅ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ፣ ወናፍ ነፍቶ፣ ቆዳ ፍቆ የሚኖረው ሰው “ጠይብ” እየተባለ ሲናቅና በቡዳነት ሲጠረጠር ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ያወጁት ይህን ንቀት ስላወቁ ነው። አየር እንዴት እንደሚገፋና እንዴት እንደሚታፈን ከሁሉ ይልቅ በእጁ የሚያውቀው ባለ ወናፉ ነበር። ሰው ግን ገላውን ለእርሱ ማሳየት ይቅርና ዓይኑን እንኳ ይፈራ ነበር። ዕውቀቱ በአንድ በኩል፣ ሕመሙ በሌላ በኩል ቀሩ፤ በመካከላቸው የቆመው አጥር ሰው ሠራሽ ነበር።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣም አጥሩ ወዲያው አልፈረሰም። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያዎች ልኳል። የእነዚያ ሰዎች ጦር ሜዳ ግን ወባ፣ ፈንጣጣና የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሕፃናት በሚያልቁበት አገር ስለ ወንድ ስንፈት የሚጠይቅ ሐኪም አልነበረም፤ የሚናገር በሽተኛም አልነበረም።

ሦስተኛ፦ የጎማ ነጋዴው ፈጠራ

አሁን ወደ ውጭው ዓለም እንሻገር። ባዶ አየርን ለሕክምና የማዋል ሐሳብ በአውሮፓና በአሜሪካ በ19ኛው መቶ ዓመት በብዙ አቅጣጫ ተሞክሯል። የኤድንበራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1849 ሕፃንን በመምጠጫ ለማዋለድ ሞከረ፤ ሐሳቡ የተሳካው ከመቶ ዓመት በኋላ በስዊድናዊው ማልምስትሮም እጅ ነው። ዛሬ በሆስፒታሎቻችን ምጥ የጸናባትን እናት የሚያግዘው “ቫኪዩም” የዚህ ልጅ ነው። የሚያዋልደው መሣሪያና የዛሬው ርእሳችን የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን አስታውሱልኝ። አንዱን በኩራት እንጠራዋለን፤ ሌላውን ስሙን እንኳ አንጠራም።

ለወንድ ስንፈት መምጠጫን ያነሣው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ብርጭቆ መምጠጫ ጽፏል። የቪየናው ኦቶ ሌደረር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የእርሱ መሣሪያ ሁለት ነገሮችን አጣመረ፤ ደም የሚስብ ቱቦና የተሳበው ደም ተመልሶ እንዳይሸሽ የሚይዝ ማጥበቂያ ቀለበት። ዛሬ በሐኪም እጅ ያለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው። በብልት ውስጥ እንደ ስፖንጅ ያሉ ሁለት ረዣዥም ክፍሎች አሉ፤ በዙሪያቸው ያለው የአየር ግፊት ሲቀንስ ደም ይሞላቸዋል፤ ቀለበቱ ከሥር ሲያዝ ደሙ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ከዋግምት የሚለየው ቆዳ ሳይበጣና ደም ሳይፈስ መሠራቱ ነው።

የሌደረር ሐሳብ ግን ለአርባ ዓመት ያህል ሰነድ ሆኖ ተቀመጠ። ወደ ሕይወት ያመጣው ሐኪም አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ ሰውም አልነበረም። በጆርጂያ ግዛት በኦጋስታ ከተማ ያረጀ የመኪና ጎማ እያደሰ የሚነግድ ጌዲንግስ ኦስቦን የሚባል ሰው ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ራሱ በስንፈት ተቸግሮ በሚያውቀው የአየርና የላስቲክ ሙያ መሣሪያ ሠራ። ከ20 ዓመት በላይ ራሱ ተጠቀመበት፤ ሐኪሞችን እያግባባ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቀደለት። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ማኅበር መምጠጫውን ለበሽተኞች ሊቀርቡ ከሚገባቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎ መከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲልደናፊል የተባለው እንክብል መጣና ዝናውን ወሰደ፤ መምጠጫው ግን እንክብሉ ለማይስማማቸው ወይም ለማይሠራላቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ብትራመዱ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም የጎሚስታ ቤቶችን ታያላችሁ። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ከመኪናውና ከመንገዱ ጋር የመጣ ነው። ኦስቦን እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ጎሚስታ ነበር ማለት ይቻላል። ከእኛዎቹ ጎሚስታዎች የለየው የእጁ ብልኀት አይመስለኝም። የለየው ሁለት ነገር ነው። ያፈረበትን ነገር ለሐኪም አፍ አውጥቶ መናገሩ አንዱ ነው፤ የሠራውን ነገር መርምሮ “ይህን ጨምር፣ ይህን ከልክል” የሚለው ተቋም መኖሩ ሌላው ነው።

በተዘጋ በር ሥር የሚሠራ ዕቃ

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው በተለይ ለወጣቶቹ ነው። ዛሬ በስልክ መስኮት የሚታየው ምክር ብዙ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የመርፌ ሲሪንጅ፣ የዓሣ ማጠራቀሚያ ቱቦ፣ የብስክሌት መንፊያ፤ ከእነዚህ መምጠጫ መሥራት ይቻላል የሚል ምክር በየቋንቋው ይዘዋወራል። አየርን ማስወጣት ቀላል መሆኑን ከዋግምት ቀንድ ተምረናል። ከባዱ ነገር ማስወጣቱ አይደለም፤ ማቆሙ ነው።

በሐኪም የሚታዘዘው መሣሪያ ውድ የሚሆነው በቱቦው አይደለም። ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አለው። ቀለበቱ በቅጽበት የሚፈታበት ጆሮ አለው፤ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይም በመመሪያው ተጽፏል። ደማቸው የማይረጋ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የማጭድ ቅርጽ የደም ሕዋስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያዩ እንዳይነኩት ይነገራል። በቤት የተሠራው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ቫልቭ የሌለው መምጠጫ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያፈነዳል፣ ቆዳን ያቆስላል፣ የሽንት መውጫውን ያደማል። በጎማ ወይም በክር የታሰረ ብልት ደሙ ተቋርጦ ሊበሰብስ ይችላል። የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ በቤት የአቧራ መምጠጫ ሞተር ብልታቸው የተጎዳባቸውን ወንዶች ታሪክ አሳትመዋል። ማንም በአእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው ይህን ያደርጋል ብለን ልንስቅ እንችላለን፤ ነገር ግን እፍረት ጤነኛውንም ሰው ወዴት እንደሚነዳው አንርሳ።

ብልትን ለዘለቄታው ያሳድጋል የሚለውም ተስፋ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኢራን ሐኪሞች ጥናት መምጠጫውን ለስድስት ወር የተጠቀሙ ወንዶችን ለክቶ ቁም ነገር የሚባል ለውጥ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ማነጻጸሪያ ላቅርብ፤ ለእኔ የዛሬው ንግግር ልብ ይህ ነው። የአያቶቻችን ቀንድ ቫልቭ አልነበረውም፤ ነገር ግን ሁለት መከልከያዎች ነበሩት። አንደኛው የሰው ጉንጭ ነው። የሰው ጉንጭ አቅሙ የተወሰነ ነው፤ ይደክማል፣ ይለቅቃል። ሞተርና መንፊያ ግን አይደክሙም። ሁለተኛው ዓይን ነው። ዋግምት የሚደረገው በፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ቆዳው እንዴት እንደሚቀላና መቼ እንደሚጠቁር ለዓመታት ባየ ሰው እጅ ነው። ልጁ ከአባቱ ጎን ቆሞ ያያል፤ ስሕተቱም ይታያል፣ ይወራል፣ ይታረማል። ልምድ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በተዘጋ በር ሥር ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን የማንም ተማሪ አይደለም፤ የማንም መምህርም አይሆንም። ቢጎዳ አይናገርም። ቀጥሎ የሚመጣውም ሰው ያንኑ ጉዳት እንደ አዲስ ይጎዳል። ምስጢር ሰውየውን ብቻ አይጎዳም፤ ልምድንም ያመክናል።

“ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ለበሽተኛው እንደ ወቀሳ እናነበዋለን። እኔ ግን ለማኅበረሰቡም የተነገረ ይመስለኛል። ሰው ሕመሙን እንዲሸሽግ ያደረግነው እኛ ከሆንን፣ መድኃኒቱንም የከለከልነው እኛው ነን።

ስለሚቀረው ሥራ

በዚህ ጉዳይ ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ ከመኝታ ቤት ይሰፋል። ስንፈተ ወሲብ በራሱ ቆሞ የሚመጣ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ ደወል ነው። የስኳር በሽታ ደም ቅዳ ሥሮችንና ነርቮችን ሲጎዳ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ሥሩን ሲያጠብቡ፣ በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚችለው በዚህ ነው። “ታስሬያለሁ” ብሎ አምስት ዓመት የቆየ ገበሬ፣ በእነዚያ አምስት ዓመታት ስኳሩ ዓይኑን፣ ኩላሊቱንና እግሩን እየበላው ሊሆን ይችላል። ደወሉ ሲደውል ቤቱ ሰው አልነበረበትም ማለት ነው። በአንጻሩ ከሱቅ ያለ ሐኪም እንክብል ገዝቶ የሚውጥ ሰው፣ ለልብ ሕመም ናይትሬት የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

መንግሥት በሕጉ በኩል መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ባህላዊ ሕክምና ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ሊሠራበት እንደሚችል ዕውቅና ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከመድኃኒት ጋር የሕክምና መሣሪያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የገጠሩን በር ከማንም በፊት ያንኳኳሉ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች መሆናቸው ግን በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ የሚያስቸግር ነው። አንድ የሃምሳ ዓመት የጃቢ ጠህናን ገበሬ እንደ ልጁ ለሚያያት ሴት ይህን ሊነግር አይችልም። ስለዚህ ለወንዶች የሚናገር ወንድ ባለሙያ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት የሚመጣን በሽተኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሐኪም፣ በጠበሉም ቦታ “ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ስኳርህንም ተለካ” የሚል ካህን ያስፈልገናል። ካህኑን ያነሣሁት ሳላስብ አይደለም፤ ምስጢር በመጠበቅ ከእርሱ የበለጠ የሚታመን ሰው በገጠራችን የለምና።

ለታሪክ ተማሪዎቼም የቤት ሥራ አለኝ። በዚህ ዞን ዋግምት የሚያደርጉ አዛውንቶች እያለፉ ነው። ቀንዱን ከየትኛው በሬ እንደሚመርጡ፣ ሰሙን እንዴት እንደሚያለሰልሱ፣ ቆዳው ምን ሲመስል እንደሚያቆሙ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዋግምቱን እንድታስፋፉ አይደለም። አንድ ሕዝብ በእጁ የነበረውን ዕውቀት ሳያውቀው ከጣለው፣ የሚመጣለትን አዲስ ዕውቀትም የሚመዝንበት ሚዛን ያጣልና ነው። ስትጠይቁም “መቼ ታቆማላችሁ?” የሚለውን ጥያቄ አትርሱ። የማንኛውም ሕክምና ጥበብ ያለው በዚያ መልስ ውስጥ ነው።

እናንተም በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ወንዶች፣ በቤታችሁ ወይም በጓደኛችሁ ቤት ይህ ችግር ቢኖር፣ ጠርሙስና ቱቦ ከመፈለግ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን አስለኩ፤ የሚያሳፍራችሁን ቃል ለአንድ ሐኪም ብቻ ተናገሩ። እናንተም ሚስቶች፣ “አልተስማማንም” ከማለታችሁ በፊት አብራችሁት ሂዱ። ያቺን አንዲት ቃል ለመናገር ኦጋስታ ላይ የነበረው ጎማ አዳሽም ያፈረ ይመስለኛል።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማይፈልግም በወረቀት ጽፎ ያለ ስም ወደ መድረኩ ሊልክልኝ ይችላል።